መካከለኛው ዋጋ እና የእኛ ልክ

አማርኛ ለመጠንና ለትክክለኛነት አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ልክ። «ልክ ነህ» ስንል አልተሳሳትክም ማለታችን ነው። «የጫማህ ልክ ስንት ነው?» ስንል ቁጥር እየጠየቅን ነው። «ልክህን እወቅ» ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ የቆመ ሰው ከታች ላለው የሚወረውረው ቃል ነው፤ ወደ ቦታህ ተመለስ ማለት ነው። ትክክል፣ ቁጥር፣ ቦታ። ሦስቱ እንዴት በአንድ ቃል ውስጥ ተስማምተው እንደሚኖሩ እንዳስብ ያደረገኝ የቋንቋ መጽሐፍ አይደለም፤ የድምፅ መሣሪያ የዋጋ ዝርዝር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቤታችን ሪሲቨር መግዛት ነበረብን። ሪሲቨር ስል ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ጋር የሚገናኘውን እንዳይመስላችሁ። የቤት ሲኒማ ሪሲቨር የሚባለው ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ከባድ ጥቁር ሣጥን ነው። ፊልሙን የሚያጫውተው ዕቃ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይገባበታል፤ ሪሲቨሩ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ ያሳልፋል፤ ድምፁን ደግሞ ፈትቶና አጉልቶ ለአምስት፣ ለሰባት ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ስፒከሮች ያከፋፍላል። ሥራው ይኸው ነው፤ መፍታት፣ ማጉላት፣ ማከፋፈል።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ፣ እህቴ፣ እና ከአገር ቤት መጥተው አብረውን መኖር የጀመሩት አባታችን። መራጭ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ። ዲግሪዬ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው፤ በሐበሻ ቤት ደግሞ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሶኬት ያለውን ነገር ሁሉ ያውቃል ተብሎ ይታመናል።

የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ምክራቸው በአንድ ቃል ያልቃል፤ መካከለኛ። ርካሹን ከገዛህ ትጸጸታለህ፣ ውዱን ከገዛህ ገንዘብህን ትበትናለህ፣ ስለዚህ መካከለኛውን ያዝ። ምክሩ ጨዋ ነው። ስስት የለበትም፣ ጉራም የለበትም። ግን ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ። መካከለኛውን መምረጥ በጎነት ነው? ወይስ ከመምረጥ መሸሻ ነው?

ከማን መካከል?

መካከለኛ የሚለው ቃል ከ«መካከል» የመጣ ነው። መካከል እንዲኖር ሁለት ሌሎች ነገሮች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ነገር መካከለኛ መሆኑን የሚወስነው እሱ ራሱ ሳይሆን ግራና ቀኙ የቆሙት ናቸው። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን እስቲ ግራና ቀኙን ማን አቆማቸው ብላችሁ ጠይቁ። መደብሩ ነው። ከላይ አንድ በጣም ውድ ሞዴል ቢጨምር ትናንት ውድ የነበረው ዛሬ መካከለኛ ይሆናል። ዕቃው አልተለወጠም፣ ቤቴም አልሰፋም፤ የእኔ «አስተዋይ ምርጫ» ግን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ያድራል።

ኢታማር ሳይመንሰን የተባለ የገበያ ጥናት ምሁር ይህንን ዝንባሌ በ1989 በሙከራ አሳይቷል። አንድ ዕቃ ከሁለት ጽንፎች መካከል ሲቀመጥ የሚመርጠው ሰው ይበዛል። ከማብራሪያው የነካኝ ግን ሌላ ክፍል ነው። ሰዎች ምርጫቸውን ለሌላ ሰው እናስረዳለን ብለው ሲጠብቁ ወደ መካከለኛው ይበልጥ ያዘነብላሉ። ማለትም መካከለኛው የሚያምረን የተሻለ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለመከላከል ስለሚመች ነው። «ለምን ይሄን ገዛህ?» ለሚል ሰው መልሱ ዝግጁ ነው። ርካሽ አልገዛሁም፣ አላበዛሁም። ማንም አይከስህም።

እንግዲህ መካከለኛው እንዲህ ሲሆን መደበቂያ ነው። ስለ ቤታችሁ፣ ስለ ጆሯችሁ፣ ስለ ኪሳችሁ ምንም ሳታስቡ አስባችሁ የመረጣችሁ ያስመስላል።

የአትሌቱ ቀለብ

መካከለኛነትን ከፍ አድርጎ የሰቀለው አርስቶትል ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። በጎነት በመብዛትና በማነስ መካከል ያለ ነው ብሏል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። እሱ ግን እዚያው «ሥነ ምግባር ዘ ኒቆማኮስ» በሚባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስቀምጣል። ምሳሌው የምግብ ነው። ለአንድ ሰው አሥር ምናን ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ተነስቶ ስድስት ምናን አያዝም። ስድስት የቁጥሮቹ አማካይ ነው፤ ግን ማይሎ ለሚባለው ስመ ጥር ታጋይ ትንሽ ነው፤ ስፖርት ገና ለጀመረ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። አርስቶትል የሚለየው ሁለት መካከለኞችን ነው። አንዱ የነገሩ መካከለኛ ነው፤ ለሁሉም አንድ ነው፣ ደምሮ ማካፈል ይበቃዋል። ሌላው ለእኛ የሆነው መካከለኛ ነው፤ እሱ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል፣ ለማግኘትም ሰውየውን ማወቅ ይጠይቃል።

እኛ ለሁለተኛው የተለየ ቃል አለን። መጠነኛ። መካከለኛ ከሌሎች መካከል ነው፤ መጠነኛ ከመጠን ነው። ይህን ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በቁጥር ላየው ፈለግሁ። ሪሲቨሮች ደግሞ ለዚህ ይመቻሉ፤ ቁጥር በቁጥር ናቸው።

ሒሳቡ

ከታወቁት የጃፓን ብራንዶች አንዱን፣ ዴነንን እንውሰድ። ኤክስ1800ኤች፣ ኤክስ2800ኤች እና ኤክስ3800ኤች የሚባሉ ሦስት ሞዴሎች አሉት፤ እንደ መሰላል የተደረደሩ ናቸው። በአንድ ቻናል የሚሰጡት ኃይል በቅደም ተከተል 80፣ 95 እና 105 ዋት ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው ስትወጡ ዋጋው በብዙ መቶ ዶላር ይጨምራል።

80 እና 105 ሲታዩ ልዩነታቸው ትልቅ ይመስላል። ጆሮ ግን ዋት አይቆጥርም። የድምፅ ኃይል እጥፍ ሲሆን ከፍታው የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ጮኸ ብለን እንድንሰማው ወደ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ያስፈልጋል፤ ይህም ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው። በዚህ ስሌት ከ80 ወደ 105 ዋት መውጣት 1.2 ዴሲቤል ያህል ነው። 1 ዴሲቤል ደግሞ በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው ልዩነቱን ሊለየው ከሚችለው ትንሹ አካባቢ ነው። ሳሎን ውስጥ ወጥ እየተሠራ፣ ሰው እየተጫወተ ማንም አይሰማውም።

አሁን ስንት ዋት ያስፈልገናል? መካከለኛ ጥራት ያለው ስፒከር አንድ ዋት ሲገባበት በአንድ ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። ሶፋችን ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ይርቃል፤ ርቀቱ 9.5 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዋት፣ በአንድ ስፒከር፣ እኔ ጋ የሚደርሰው 77 ዴሲቤል ገደማ ነው። ተራ ወሬ 60 ዴሲቤል አካባቢ እንደሆነ አስታውሱ።

የፊልም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የማመሳከሪያ ከፍታ አለ። በእሱ መሠረት በአንድ ቻናል የሚመጣው ከፍተኛው ፍንዳታ 105 ዴሲቤል ይደርሳል። አፓርታማ ውስጥ እንደዚያ የሚሰማ ሰው ብዙ አይቆይም፤ ወይ ጆሮው ወይ የኪራይ ውሉ ያልቃል። ከዚያ 20 ዴሲቤል ዝቅ አድርገን እንስማ፤ ፍንዳታው 85 ዴሲቤል ይሆናል። ይህን ለማግኘት 6 ዋት እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል አንድ ሰው በእነዚሁ ስፒከሮች፣ በዚሁ ርቀት ሙሉውን የሲኒማ ከፍታ ልስማ ቢል ስሌቱ ከ550 ዋት በላይ ይጠይቀዋል። ግድግዳው የሚመልሰው ድምፅ ስለሚያግዝ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ግን 105 ላይ አይወርድለትም።

6 እና 550። ሦስቱም ሞዴሎች በሁለቱ መሃል ናቸው። ለአፓርታማው ሰው 80ውም ይተርፈዋል፤ ለሲኒማ አፍቃሪው 105ቱም አይበቃውም። ይኸው የአርስቶትል ስድስት ምናን፤ ለማይሎ ትንሽ፣ ለጀማሪው ብዙ።

«ቆይ፣ መጠባበቂያ አያስፈልግም?» የሚል መሐንዲስ ይኖራል። ልክ ነው። ሰርቨርን እስከ አፍንጫው ጭነን አናሠራም። ግን መጠባበቂያም በልክ ነው። ከ6 ዋት እስከ 80 ዋት ከ11 ዴሲቤል በላይ መጠባበቂያ አለ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው መጠባበቂያ ሳይሆን ማጽናኛ ነው።

ውዱ ሞዴል ሌላ ነገር ይሰጥ የለም? ይሰጣል። ጣሪያ ላይ ለሚሰቀሉ ስፒከሮች የሚሆን ተጨማሪ ቻናል፣ የክፍሉን ድምፅ በማይክሮፎን የሚለካ የረቀቀ ሥርዓት፣ ለብቻው የሚገዛ ማጉያ የሚገናኝበት መውጫ። እነዚህ እውነተኛ ነገሮች ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤዝመንት ያለው ቤት ገዝቷል፤ ፕሮጀክተር ሰቅሏል፤ ሁለት ረድፍ ወንበር አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ በሰው ይሞላል። ለእሱ የመሰላሉ ጫፍ ልኩ ነው፤ እንዲያውም ወደፊት ሌላ ማጉያ ይጨምርበታል። እሱ ማይሎ ነው። ስለዚህ ርካሹን ግዙ እያልኩ አይደለም። ያንን ማለት ሌላ የዋጋ ዝርዝር ተገዥ መሆን ነው፤ ከታች ጀምሮ የሚነበብ።

እውነት የሆነ ቁጥር

እዚህ ላይ አንድ የሞራል ጥያቄ ጣልቃ ይገባል። ካርቶኑ ላይ «7 ቻናል፣ በቻናል 80 ዋት» ሲባል ብዙ ሰው ሰባቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ 80 ዋት የሚሰጡ ይመስለዋል። በዚህ ዋጋ ያሉት ሪሲቨሮች ሰባቱንም ቻናል የሚመግቡት በአንድ የጋራ የኃይል ምንጭ ነው። የተጻፈው ዋት ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ ነው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲጫኑ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል። ይህ በዝርዝር መግለጫው ላይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ማንም አልዋሸም። የተጻፈው እውነት ነው፤ የተሰማው ግን ሐሰት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የማጉያ ዋት እንዴት ለገበያ መገለጽ እንዳለበት የሚወስን ደንብ ያወጣው በ1974 ነው። ከዚያ በፊት ሻጮች ለቅጽበት ብቻ የሚታየውን ከፍተኛ ኃይል እየጻፉ ቁጥሩን እንደፈለጉ ያሳብጡት ነበር። በ2024 ደንቡ እንደገና ተሻሽሎ አለካኩ ይበልጥ ጠበቅ ተደረገ። አንድ መንግሥት ስለ ቴፕና ስፒከር ዋት ተቀምጦ ሕግ ማውጣቱ ያስቃል፤ ግን ነጥቡ ከባድ ነው። ቁጥር ያለ መለኪያ ሁኔታው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ግማሹን ብቻ ጮክ ብሎ መናገር ውሸት ባይባል እንኳ ከእውነት ጎን የቆመ አይደለም።

ቅኔ የተማረ ሰው ሰምና ወርቁን ሲፈታ ከላይ ሰም አግኝቶ ከሥር ወርቅ ያወጣል። በካርቶን ላይ ያለው ቅኔ ግን ተገልብጧል፤ ወርቁ ከላይ ነው፣ ሰሙ ከሥር።

እኔም ራሴ ከዚህ ሙያ ብዙ አልርቅም። ሶፍትዌር ስንሸጥ «በሰከንድ ይህን ያህል ጥያቄ ያስተናግዳል» እንላለን፤ በምን ማሽን፣ በምን ዓይነት ጥያቄ የሚለው ከታች ይቀመጣል። ታዲያ የሻጩ ቁጥር ሐቀኛ ይሁን የምንለውን ያህል የገዢውም ጥያቄ ሐቀኛ መሆን አለበት። «ስንት ዋት አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዋት የሚመልስለት ያገኛል። «እኛ ቤት ምን ጎደለ?» የሚለውን ጥያቄ ካርቶን አይመልሰውም።

እኛ ቤት ምን ጎደለ

እኛ ቤት የጎደለው ዋት አልነበረም፤ የአባቴ ጆሮ ነበር።

አባቴ ዕድሜያቸው ሲገፋ እንደ ብዙ ሰው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይርቋቸው ጀመር። ዕድሜ የሚወስደው በመጀመሪያ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ»፣ ያሉ ድምፆች ጉልበታቸው ትንሽ ነው፤ የሚኖሩትም እዚያው ላይ ነው። አናባቢው በደንብ ይሰማል፤ ቃሉን ከቃል የሚለየው ተነባቢ ግን ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው «አልሰማሁም» አይልም። «ሰምቻለሁ፤ ግን ምን አለ?» ነው የሚለው። አባቴ ማታ ማታ የአማርኛ ድራማ ሲያዩ እህቴ አጠገባቸው ተቀምጣ ትደግምላቸዋለች። ድምፁን ሲጨምሩት ሙዚቃውም አብሮ ይጮሃል፤ ንግግሩ እዚያው ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። ትንሽ ቆይተው «ተዪው፣ ገብቶኛል» ይላሉ። አልገባቸውም። ሌላውን ላለማስቸገር ከወሬው ቀስ ብለው እየወጡ ነው።

በቤት ሲኒማ ውስጥ ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ከሚቀመጠው። ሪሲቨሩ የእያንዳንዱን ስፒከር ከፍታ ለብቻው እንድታስተካክሉ ይፈቅዳል። የአማርኛ ድራማዎቹ የሚመጡት በግራና ቀኝ ሁለት ቻናል ብቻ ቢሆንም ሪሲቨሩ በሁለቱም ላይ እኩል ያለውን ድምፅ ለይቶ ወደ መሃል የሚያመጣበት ዘዴ አለው፤ እኩል ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተዋናዩ ድምፅ ነው። መሃለኛውን 4 ዴሲቤል ከፍ፣ ሌሎቹን ባሉበት። ይህን ለማድረግ የመሰላሉን ጫፍ መያዝ አያስፈልግም፤ በአምስት ቻናል የሚጀምረው የታችኛው ደረጃም ያደርገዋል። ስፈልገው የነበረው መካከለኛ ከዋጋው ዝርዝር ላይ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ሥር ተገኘ።

ሌላም ሰው አለች። ከእኛ በታች ያለው ቤት የምትኖር ጎረቤታችን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። ቀን ትተኛለች። ሰብዉፈር የሚያወጣው ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፤ 40 ኸርዝ ላይ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ግድግዳና ወለል ቀጫጭኑን ድምፅ በደንብ ይይዛሉ፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፋሉ። እኛ ሳሎን ውስጥ ፊልም የሚሆነው ነገር እሷ ጣሪያ ላይ ትርጉም የሌለው ጉምጉምታ ሆኖ ይደርሳል። ሪሲቨሮች ሁለት ሰብዉፈር ለማገናኘት ቦታ አላቸው፤ መግለጫው ላይ እንደ ጥቅም ተጽፏል። ለእኛ ቤት ግን ልኩ ዜሮ ነው። የእሷ እንቅልፍ በየትኛውም የንጽጽር ሠንጠረዥ ላይ መስመር የለውም። ስለዚህ አንድ ቀን ወርጄ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ ጠየቅኳት። በፊልም ሰዓታችን ላይ ያደረግሁት ጥናት ሁሉ ከዚያች አንዲት ጥያቄ አይበልጥም።

በሶፍትዌር ሥራ መጀመሪያ የምንማረው ነገር ይኸው ነው፤ መፍትሔ ከማየትህ በፊት የሚያስፈልገውን ጻፍ። ኸርበርት ሳይመን፣ በ1975 ከአለን ኒዌል ጋር የቱሪንግ ሽልማትን፣ በ1978 ደግሞ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ያገኘው ሰው፣ በ1956 ለዚህ ዓይነቱ አመራረጥ ስም ሰጥቶታል፤ መርካትንና መብቃትን አዳቅሎ አንድ ቃል ፈጠረ። ከሁሉ የተሻለውን አትፈልግ፤ የሚያስፈልግህን አስቀምጥ፣ ያንን ያሟላ የመጀመሪያውን ያዝ፣ ፍለጋውን አቁም። ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ። እኔ አይመስለኝም። ስንፍና የሚሆነው «የሚያስፈልግህ» የሚለውን ሳትመረምር ስታቆም ነው። አባቴን ሳላዳምጥ፣ ጎረቤቴን ሳልጠይቅ «ይበቃል» ብል ኖሮ ያ ስንፍና ነበር። ጠይቄ ካቆምኩ ግን ማቆሙ የሥራው አካል ነው።

ልክህን እወቅ

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ይህ ሁሉ «ልክህን እወቅ» የሚለውን የድሮ ስድብ በቁጥር አስውቦ መመለስ አይሆንም? ለስንት ዘመን ስንት ሰው በዚህ ቃል ከበር ተመልሷል። ለሸማኔው ልጅ፣ ለገባሩ፣ ለሠራተኛዋ ልካቸው ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። እኔም እዚህ አገር ስደርስ በቃላት ሳይሆን በአስተያየት ልኬን የነገሩኝ አሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው አንድ ቀን ገንዘብ ሲይዝ ትልቁን ቢገዛ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቢገዛ፣ አይገርመኝም። ዕቃው ድምፅ ለመስማት አይደለም፤ ለመሰማት ነው። ይህን ለማውገዝ አልቸኩልም።

ግን ልዩነቱ ማን ለካ የሚለው ላይ ይመስለኛል። ስድቡ ልክን ከውጭ ያመጣል፤ ሳያይህ ይቆርጥልሃል። እና በደንብ ካያችሁት መደብሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በትህትና። «ለእንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ መካከለኛው ይስማማል» ሲል ገቢዬን ገምቶ መደርደሪያዬን እያሳየኝ ነው። ፈገግታ የተጨመረበት ልክህን እወቅ ነው። በራሴ ልክ መግዛት የሁለቱም ተቃራኒ ነው። ከሁለቱም ከፍ ሊል ይችላል፣ ከሁለቱም ዝቅ ሊል ይችላል፤ የለካው ግን ከዕቃው ጋር የሚኖረው ሰው ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ገንዘቡ። ከአገሩ ውጭ ለሚኖር ሰው ዋጋ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንዴ በዶላር፣ አንዴ በብር። ሁለተኛው ንባብ ከአንድ የቤት ኪራይ ወይም ከአንድ የሆስፒታል ሒሳብ ጋር ይመጣል፤ ስልኩ ቅዳሜ ጠዋት ይጮሃል። ፒተር ሲንገር በ1972 ያቀረበው ክርክር እዚህ ላይ ስለት አለው። ከባድ ጉዳትን ማስቀረት እየቻልን፣ ለዚያም የምንከፍለው ያንን የሚመጣጠን ዋጋ ከሌለው፣ ማስቀረት ግዴታችን ነው ይላል። እስከ ጥጉ ከወሰድነው ሪሲቨር የሚባል ነገር ለማንም አይፈቀድም፤ ምናልባት እስከዚያ መሄድ ይገባ ይሆናል፤ እኔ አልሄድኩም። አባቴ እንደገና ከወሬው ውስጥ መግባታቸው በእኔ ሚዛን ላይ ክብደት አለው፤ ለዚያ የከፈልኩትን በአፌ ሞልቼ እከራከርለታለሁ። ለ1.2 ዴሲቤል የሚከፈለው ብዙ መቶ ዶላር ግን ምን ብሎ ይከራከራል? የሚሰማው የለም። ጠበቃ የሌለው ገንዘብ ነው። ከልክ በላይ ያለው ክፍል የእኔ ነው ለማለት የሚያስችል ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፤ እናም የልዩነቱ ግማሽ ያህል ወደ አገር ቤት ሄደ፤ ግማሹ ለጥሩ የመሃል ስፒከር ዋለ። እኩል መከፈሉ ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን ከእህቴ ጋር አልተስማማንም። እሷ ሁሉም መሄድ ነበረበት ትላለች።

የገዛነው ባለ አምስት ቻናል ነው፤ ከመካከለኛው መደርደሪያ በታች። ለእኛ ቤት፣ ለዚህ ዓመት ልክ ነው። ለዚህ ዓመት የምለው ልክ እንደ ልጅ ጫማ ስለሚለወጥ ነው። የአባቴ ጆሮ በየጊዜው መለካት አለበት፤ መሃለኛው 4 የነበረው 6 ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን የስፒከር ነገር አልቆ የመስሚያ መሣሪያ ነገር ይሆናል። ጎረቤታችንም የሥራ ፈረቃዋን ልትቀይር ትችላለች። አምራቾቹ ደግሞ በራሳቸው ጊዜ አዲስ መሰላል ያቆማሉ፤ መካከለኛውም ቦታውን ይቀይራል። እኛ ሳሎን ውስጥ የሚቀየረው ግን በሌላ ምክንያት ይቀየራል። አባቴ አሁን ድራማውን ብቻቸውን ያያሉ፤ እህቴም ከጎናቸው ተቀምጣ የራሷን ስልክ ትነካካለች። አንዳንዴ አንድ ቃል ያመልጣቸውና ዞር ይላሉ። ያን ጊዜ ሪሞቱን ሳይሆን እሷን ነው የሚፈልጉት።